ፓርኩ ከተዘጋ በኋላ የሚሸጠው ምሽት ያዋጣል ወይ?

ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ምሽት፣ 200 ዶላር ገደማ። ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለው የመዝናኛ ፓርኮች ስብስብ በሃሎዊን (ጭራቅና መንፈስ መስሎ በሚለበስበት የፈረንጆች በዓል) እና በፈረንጅ ገና ሰሞን ማታ ማታ ለሚያዘጋጃቸው ድግሶች የሚጠይቀው ዋጋ በአንዳንዱ ቀን እዚህ ድረስ ይወጣል። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ 800 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ዶላሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ገንዘብ ከ80 ሺህ ብር በላይ ነው። ጎንደር ላይ ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው "ለአንድ ማታ?" ነው። አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። እናት ልጇን ልታርስ ትሄዳለች። አባት የልጅ ልጆቹን ሊያይ ይሄዳል። የእነሱ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ መኪና ሞልቶ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ወደ ፍሎሪዳ መውረድ የተለመደ ሆኗል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። "እማዬን ይዘናት ልንሄድ ነው። የማታውን ትኬት እንጨምር ወይስ ይቅር?" ይባላል። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ "ገንዘብ ካለህ አዎ፣ ከሌለህ ተወው" ብቻ ቢሆን ኖሮ ማብራሪያ ባላስፈለገው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በእነዚህ ምሽቶች በዋናነት የሚሸጠው ርችቱ አይደለም። ጌጡም፣ ትርኢቱም አይደለም። የሚሸጠው የሰው ማነስ ነው። ስለዚህ ሰው በእርግጥ ካነሰ፣ ያ ማነሱም እናንተን የሚጠቅም ከሆነ ያዋጣል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አያዋጣም። ቀሪው ጽሑፍ ይህንን የሚዘረዝር ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

አንድ የመዝናኛ ፓርክ ቀን ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። የቀን ትኬት የገዛ ሰው ጠዋት ገብቶ እስከ መዝጊያው ይቆያል። በልዩ ምሽቶች ግን ሰዓቱ ሲደርስ የቀን ትኬት ብቻ የያዘው እንዲወጣ ይደረጋል። የምሽቱን ትኬት የገዛው እጁ ላይ ማሰሪያ ይታሰርለትና ይቀራል። ሁለተኛ ትኬት ነው፤ ከቀኑ ጋር አይገናኝም።

ልማዱ አዲስ አይደለም። ዲዝኒ ማጂክ ኪንግደም በተባለው የፍሎሪዳ ፓርኩ የገናውን ምሽት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የሃሎዊኑ በ1995 ተከተለ። ጎረቤቱና ተፎካካሪው ዩኒቨርሳል ደግሞ የራሱን የሚያስፈራ የሃሎዊን ምሽት በ1991 ጀምሯል። በ2016 ዲዝኒ ሌላ ዓይነት ጨመረ። ይሄኛው የበዓል ስም የለውም፤ ልዩ ትርኢትም የለውም። ፓርኩ ከተዘጋ በኋላ ለሦስት ሰዓት ያህል ጥቂት ሰው ብቻ እንዲጫወት የሚያደርግ ምሽት ነው። አይስክሬም፣ ፈንዲሻና ለስላሳ በትኬቱ ውስጥ ተካቷል። ሲጀመር 149 ዶላር ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ቀን ከዚያ ይበልጣል።

እንግዲህ በአንድ ስም "የማታ ትኬት" ብለን የምንጠራቸው ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው ባዶ ወረፋ ይሸጣል። ሁለተኛው ድግስ ይሸጣል፤ ወረፋውም ከቀኑ ያጥራል። ሦስተኛው፣ የዩኒቨርሳሉ ዓይነት፣ ድንጋጤ ይሸጣል፤ ወረፋው ደግሞ ከቀኑ ሊብስ ይችላል። ሰዎች ተከፍተው የሚመለሱት ብዙ ጊዜ አንዱን ገዝተው ሌላውን ስለሚጠብቁ ነው።

አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ልጨምር። ትኬቱ ላይ 7 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። 12 የሚለው መዝጊያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። እናትና አባት ብቻቸውን ቀጠሮ የሚይዙ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ወረፋ ለምን እንዲህ ይረዝማል? ለምንስ በአንዴ ይጠፋል?

ዋናው ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ወፍጮ ቤት ተራ የጠበቀ ሰው ስሌቱን ያውቀዋል። ከፊታችሁ ስንት ጆንያ አለ? ወፍጮው በሰዓት ስንት ይፈጫል? አንዱን ለሌላው ማካፈል ነው። የፓርክ መጫወቻም እንዲሁ ነው። በሰዓት 1,000 ሰው የሚያስተናግድ መጫወቻ ፊት 1,000 ሰው ከተሰለፈ አንድ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። 100 ሰው ከተሰለፈ 6 ደቂቃ።

እስካሁን ግልጽ ነው። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። በሰዓት 1,000 ሰው ወደሚያስተናግድ መጫወቻ በየሰዓቱ 900 ሰው ቢመጣ ወረፋ ከሞላ ጎደል አይኖርም። የመጣው ሁሉ ይስተናገዳል። 1,200 ሰው ቢመጣ ግን በየሰዓቱ 200 ሰው ይተርፋል። የተረፈው አይጠፋም፤ ይጠራቀማል። ከአምስት ሰዓት በኋላ 1,000 ሰው ቆሟል። አሁን የሚመጣው ሰው አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ልብ በሉ፦ 900 እና 1,200 ያን ያህል የተራራቁ ቁጥሮች አይደሉም። አንዱ ወረፋ አልባ ነው፤ ሌላው ሙሉ ሰዓት የሚያስገትር ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው፣ ፓርኩ ወረፋውን ለማጥፋት የግድ ሰውን በግማሽ መቀነስ አያስፈልገውም። በመጠኑ ከቀነሰ ይበቃል። ለዚህ ነው የምሽቱ ትኬት ጥሩ ንግድ የሆነለት። ፓርኩ ተሠርቶ ያለቀ ነው። መብራቱም፣ ማሽኑም፣ መሬቱም አለ። የሚጨመረው የሠራተኛ ሰዓትና የድግሱ ወጪ ነው። ቀን ላይ የሸጠውን ቦታ ማታ ለሁለተኛ ጊዜ ይሸጠዋል።

ሁለተኛው ለገዢው የሚያሳስበው ነው። ጥቂት ሰው መቀነስ ወረፋውን እንደሚያጠፋው ሁሉ፣ ጥቂት ትኬት መጨመር መልሶ ያመጣዋል። ድርጅቱ "ቁጥሩ የተወሰነ ነው" ይላል፤ ስንት እንደሆነ ግን በይፋ አይናገርም። "ተሸጦ አልቋል" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ምሽቱ ጭር ያለ ይሆናል ማለት አይደለም። ድርጅቱ ራሱ ያስቀመጠው ጣሪያ ተነክቷል ማለት ብቻ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ከሆነ ተሸጦ ያለቀበት ምሽት የተጨናነቀ ምሽት ነው። በ2023 ዲዝኒ በሌላ ፓርኩ በሆሊውድ ስቱዲዮስ አዲስ የበዓል ምሽት ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ቀን ከገቡት ብዙዎች ያማረሩት በዚሁ በወረፋ ነበር። ገንዘብ ከፍለው የሸሹት ነገር ውስጥ ተመልሰው ገቡ።

የሚያናድደኝን ነገርም ሳልናገር አላልፍም። ቀድሞ ወረፋ የሚያሳጥር ወረቀት ዲዝኒ በነጻ ይሰጥ ነበር። ፋስትፓስ ይባል ነበር፤ በ1999 ነው የተጀመረው። ወረርሽኙ ሲመጣ ቆመ። በ2021 ሲመለስ ስሙ ተቀይሮ፣ በስልክ የሚገዛ ሆኖ ተመለሰ። ያኔ የመነሻ ዋጋው ለአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር ነበር፤ በኋላ እንደገና ስሙ ተቀየረ፣ ዋጋውም እየወጣ ሄደ። ስለዚህ የቀኑ ወረፋ ለገንዘብ ምንጭ ሆኗል። ቀኑ በተጨናነቀ ቁጥር የማታው ትኬት ያጓጓል። ድርጅቱ ሆን ብሎ ቀኑን ያጨናንቃል አልልም። ቀኑን ለማቅለል ያለው ግፊት ግን እየላላ መምጣቱ ግልጽ ነው፤ ይህም ለቀን ተጠቃሚው ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ጎንደርም ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች

የሰው ቁጥር ጣሪያ ነገር ለእኛ የመዝናኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ላይ የአልጋ ዋጋ እንዴት እንደሚንር ሁላችንም እናያለን። ለእንግዳ የተሻለ መቀመጫ፣ የተሻለ ማያ ቦታ ይፈለጋል። በተለይ በዓሉ በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ ከውጭ ሊያይ የሚመጣው ሰው ዓይኑ ጎንደር ላይ ነው።

ዋናው ነገር ግን በነጻ ነው። በከተራ ማታ፣ ጥር 10፣ ታቦታቱ አፄ ፋሲል መዋኛ ከደረሱ በኋላ ሌሊቱን እዚያው የሚያድረው ሕዝብ ትኬት አይቆርጥም። ጎህ ሲቀድ ጠበሉ ሲባረክ ለማየት ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ይህ እንዲህ ሆኖ ይቀጥል ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ።

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን በመዋኛው ዳር ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ነፍሳቸውን ይማር። ያን ጊዜ የተማርነው ነገር ስንት ሰው የሚለው ጥያቄ የምቾት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ለመቀመጫ የሚከፍል ሰው ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው። ስንት ሰው ይወጣበታል? ማን ይቆጥራል? ሲሞላስ ማን በቃ ይላል?

ከተማችን አንድ ቀን ፋሲል ግቢን በምሽት በልዩ ትኬት ልታስጎበኝ ብታስብ፣ ይህም የማይሆን ነገር አይደለም፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ቁጥሩን ለሕዝብ መናገር መሆን አለበት። "በምሽት 150 ሰው" ተብሎ በሩ ላይ ይለጠፍ። ገዢው ምን እንደገዛ ያውቃል። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግንብም በሰው ብዛት አይጎዳም። ትልልቆቹ የአሜሪካ ፓርኮች ይህን አያደርጉም። እኛ ልናደርገው እንችላለን።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ

ወደ ኦርላንዶ እንመለስ። የማጂክ ኪንግደም የአንድ ቀን መግቢያ እንደ ቀኑ ይለያያል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ባለው ታሪፍ ከ124 እስከ 189 ዶላር ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በበዓል ቀናት ጨምሯል። ለስሌት ያህል 160 ዶላር እንበል።

በተጨናነቀ ቀን አንድ መጫወቻ በአማካይ 45 ደቂቃ ያስጠብቃል እንበል። ለጨዋታውና ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ 15 ደቂቃ ጨምሩ። አንድ መጫወቻ አንድ ሰዓት በላ። በ10 ሰዓት ውስጥ 10 መጫወቻ ታያላችሁ። እያንዳንዱ 16 ዶላር ወጣበት።

ወደ ጭር ያለው ምሽት፣ በ2016 ወደተጨመረው ዓይነት፣ እንሂድ። ትኬቱን 175 ዶላር አድርጉት። ወረፋው 10 ደቂቃ፣ ጨዋታና መንገድ 15 ደቂቃ። አንዱ 25 ደቂቃ ይወስዳል። በሦስት ሰዓት ውስጥ 7 መጫወቻ ይደረሳል። እያንዳንዱ 25 ዶላር ወጣበት።

አያችሁ? በመጫወቻ ሲሰላ ማታው ከቀኑ ይወደዳል። "ብዙ ስለምትጫወት ይረክሳል" የሚሉት አባባል በዚህ ስሌት አይሠራም። የተገዛው ሌላ ነገር ነው። እነዚያን 7 መጫወቻዎች ቀን ላይ ለማየት 7 ሰዓት ይፈጅ ነበር። ማታ በ3 ሰዓት አለቀ። 4 ሰዓት ተረፈ። 175 ዶላርን ለ4 ብታካፍሉት፣ አንድ ሰዓት ወረፋ ለመዝለል አንድ ሰው 44 ዶላር ገደማ ከፈለ። አራት ሰው ያለበት ቤት በሰዓት 175 ዶላር ከፈለ።

እንግዲህ ጥያቄው "ጊዜያችሁ ለእናንተ ስንት ያወጣል?" ወደሚል ይመጣል። ከሥራው ሁለት ቀን ብቻ ፈቃድ ያገኘ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ልጅ፣ ልጆቹን ይዞ ሲወርድ ያቺ 4 ሰዓት ውድ ናት። ለስድስት ወር የመጣች እናት ግን ጊዜ ሞልቷታል። ለእሷ ሌላ ቀን መግባት ይሻላል። ደግሞም የብዙ ቀን ትኬት የሚገዛ ሰው ይህን ይወቅ፦ ቀኑ በበዛ ቁጥር የምትጨመረው ቀን ዋጋዋ እየወረደ ይሄዳል። ከአራት ቀን በላይ ለሚቆይ ሰው አንድ ቀን መጨመር ከአንድ ማታ ትኬት በብዙ ይረክሳል።

ሒሳቡን የሚቀይር አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። የጭሩ ምሽት ትኬት የያዘ ሰው ሌላ ትኬት ሳይገዛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ መግባት ይችላል። ፓርኩ ለቀን እንግዶች ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቢዘጋ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት 3 መጫወቻ ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት 7 ትጨምራላችሁ። 10 ሆነ። ሙሉ ቀን ከፍሎ የገባው ሰው ያየውን ያህል አያችሁ ማለት ነው። ልዩነቱ 15 ዶላር ነው። ፀሐይ አላገኛችሁም፤ በእግራችሁ የቆማችሁበት ሰዓትም በ4 ቀነሰ። እንዲህ ሲሆን ትኬቱ ያዋጣል፤ በደንብ ያዋጣል።

የሃሎዊኑና የገናው ድግስ ትኬት ደግሞ በዚህ በኩል ከዚህም ይሻላል። ድግሱ ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ባለ ትኬቱ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ይገባል። 8 ሰዓት ሙሉ ማለት ነው።

ኪስ የሚጎዳው በአንድ ቀን ሁለቱንም መግዛት ነው። ጠዋት 160፣ ማታ 200፤ ለአንድ ሰው 360 ዶላር። ያውም ማታ ሲደርስ እግር ዝሏል፤ ልጅ አልቅሷል። ከፍለው የገዙትን ባዶ መንገድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያሳልፉታል። ይህን አታድርጉ። ጠዋት ተኙ፣ ዋኙ፣ ምሳ ብሉ። 10 ሰዓት ሲሆን ግቡ።

ድግሱ ውስጥ ገንዘባችሁ የት ይሄዳል?

የሃሎዊኑ ምሽት በ2024 እንደ ቀኑ ከ119 እስከ 199 ዶላር ነበር። በነሐሴ ይጀምራል፤ ዋጋው በእነሱ አቆጣጠር ወደ ጥቅምት መጨረሻ ሲጠጋ ይወጣል። የነሐሴው ርካሽ ነው። ድግሱ አንድ ነው፤ ርችቱም ያው ነው። ለልጆች ከረሜላ ይታደላል፤ የጎዳና ትርኢት አለ፤ ልብስ ለብሶ መምጣት ይቻላል። በገናው ደግሞ ዋናው ጎዳና ላይ ሰው ሠራሽ በረዶ ይዘንባል፤ ብስኩትና ትኩስ ቸኮሌት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ወረፋው አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል። ከመጫወቻዎቹ ይነሳና በዚያ ምሽት ብቻ ከሚወጡት ገጸ ባሕርያት ጋር ፎቶ ለመነሳት ወደሚቆመው ሰው ይዞራል። ልጃችሁ ፎቶውን ከፈለገ አንድ ሰዓት እዚያ ይሄዳል። ትርኢቱንና ርችቱን ለማየት ሌላ አንድ ሰዓት። 5 ሰዓት እንዲህ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት አንዱን ምረጡ። መጫወቻ ከሆነ የምትፈልጉት ርችቱ ሲተኮስ ሂዱ፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ እያየ ነው።

የዩኒቨርሳሉን በአጭሩ ልለፈው። ድርጅቱ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም ይላል። ደም፣ ጩኸት፣ በጨለማ የሚዘል ሰው ነው። ወጣቶች ይወዱታል። በጥቅምት ቅዳሜዎች ግን አንድ አስፈሪ ቤት ለመግባት ከአንድ ሰዓት በላይ መቆም የተለመደ ነው። ወረፋ የሚያዘልል ተጨማሪ ትኬት አለ፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከመግቢያው ራሱ ይበልጣል። ሁለቱን መግዛት ካልቻላችሁ ሳምንቱ መሃል ላይ ሂዱ፤ አለበለዚያ ይቅር።

የእኛ ቤት የራሱ ስሌት አለው

ኦርላንዶ በበጋቸው ከእኛ በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የነሐሴው ድግስ ሲጀመር ጎንደር ላይ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ሲያልቅ እዚህ ነግቶ ጠዋት 1 ሰዓት ሆኗል። ከጎንደር በሄደች በሳምንቷ ወደዚህ ምሽት የምትወሰድ እናት ሰውነቷ የሚነግራት ሌሊቱን ሙሉ ቆማ እንዳደረች ነው። ልጆች ሲያከብሯት ነው፤ ይገባኛል። ግን ለሷ 200 ዶላር ከፍሎ ማድከም ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆይ። ወይም እሷ ከትንሹ ልጅ ጋር ሆቴል ትረፍ፤ እሷም ደስ ይላታል።

የትንሹን ነገር ካነሳን፣ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ መግቢያ አይከፍልም። ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጅ ግን ይከፈላል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ተኝቷል። ቀን ተኝቶ የሚነሳ ልጅ ካልሆነ አያዋጣም።

ጾምን ደግሞ አትርሱ። የሃሎዊኑ የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ከፍልሰታ ጋር ይገጥማሉ። የገናው ድግስ በአብዛኛው በነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ጭሩ ምሽት ረቡዕ ወይም አርብ ላይ ከዋለም ያው ነው። "አይስክሬምና ትኩስ ቸኮሌት በነጻ" የሚለው ለሚጾም ሰው ባዶ ነው። ከዋጋው ውስጥ ያንን እንዳልተሰጣችሁ አድርጋችሁ አስቡት። ስንቅ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ዳቦና ኦቾሎኒ ያዙ።

ሃሎዊን ራሱ ደስ የማይላቸው ብዙ ቤተሰቦች አሉ። መናፍስትና ጭራቅ ለልጅ መጫወቻ መሆኑ ይከብዳቸዋል። ይህ የገንዘብ ጥያቄ አይደለም፤ በቤታችሁ ተነጋገሩበት። ጭሩ ምሽት ግን እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። መጫወቻ ብቻ ነው።

ዝናብም አለ። ፍሎሪዳ በበጋዋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አታጣም። መብረቅ ሲኖር ከቤት ውጭ ያሉ መጫወቻዎች ይቆማሉ፤ ርችቱም ሊቀር ይችላል። ገንዘቡ አይመለስም።

ሳይከፍሉ ሰው ማሳነስ

በዲዝኒ ሆቴል ለሚያድር ሰው ሁሉ ፓርኩ ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይከፈታል። ያቺ ግማሽ ሰዓት ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ወረፋ የሚጠራቀም ነገር ነው፤ ጠዋት ገና አልተጠራቀመም። ቀድሞ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ተኩል ብዙ ሳይቆም ይጫወታል።

ማታም እንዲሁ ነው። ፓርኩ ከመዘጋቱ አንድ ደቂቃ በፊት ወረፋ ውስጥ የገባ ሰው ተራው እስኪደርስ ይስተናገዳል። ለመጨረሻዋ ደቂቃ ተወዳጁን መጫወቻ አስቀሩ። በዚያ ሰዓት የሚለጠፈው የመጠበቂያ ጊዜም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይረዝማል።

ከሁሉም የምወደው መላ ግን የድግሱን ቀን መጠቀም ነው፤ ድግሱን ሳይገዙ። ማታ ድግስ ባለበት ቀን ማጂክ ኪንግደም ለቀን እንግዶች ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ብዙ ሰው "ሰዓት ይቀንስብኛል" ብሎ ያን ቀን ይሸሻል። ስለሚሸሽም ቀኑ ይቀላል። በ900 እና በ1,200 መካከል ያለውን ልዩነት አስታውሱ። በርችቱ የማይጓጓ ቤተሰብ ያን ቀን ጠዋት ገብቶ እስከ 12 ሰዓት ብዙ ነገር አይቶ ይወጣል። አንድ ሳንቲም አልጨመረም። የመስከረም ሳምንቶችና የጥር መጨረሻም፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ልጆች ትምህርት ላይ ስለሆኑ ቀለል ይላሉ።

ለመግዛት የወሰናችሁ ከሆነ ትኬቱ ለአንድ ቀን ብቻ የተቆረጠ መሆኑን እወቁ። ከማን ጋር እንደምትሄዱና ያ ቀን ምን እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ግዢው ከፓርኩ ከራሱ ድረ ገጽ ይሁን። በፌስቡክና በቴሌግራም "የተረፈኝ ትኬት በግማሽ ዋጋ" የሚሉ ሰዎች አሉ። የምሽት ትኬት በር ላይ ሲነካ ነው እውነትና ሐሰቱ የሚታወቀው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አራት ሰው ይዛችሁ ቆማችኋል።